የግልገል ድመት ጉንፋንና የዓይን ሕመም ሕክምና፦ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ

የድመት ግልገል ዓይኑን የሚገልጠው ከተወለደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዱ ግን ዓይኑ ገና ሳይገለጥ ከቆቡ ሥር መግል ይቋጥራል። ሌላው ከገለጠ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ዓይኑ በዓይናር ይጣበቃል፣ አፍንጫው በንፍጥ ይደፈናል፣ ያስነጥሳል፣ መብላትም ይተዋል። የዛሬ የእንስሳት ሐኪም ይህን ሲያይ በዋናነት የሚጠረጥራቸው ሦስት ጀርሞች አሉ፦ የድመት ሄርፒስ ቫይረስ፣ የድመት ካሊሲ ቫይረስ እና ክላሚዲያ ፌሊስ የተባለው ባክቴሪያ። ሦስቱ ተለይተው የታወቁት እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1958 ባሉት 16 ዓመታት ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብላ ነው፤ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረ የ9,500 ዓመት ገደማ የድመት አጽም ተገኝቷል።

ለዚህ ሁሉ መዘግየት ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ክሎድ ቡርዥላ በ1761 በሊዮን ያቋቋመው ለፈረስና ለከብት ነበር፤ የከብት ደስታ በሽታ አገር በሚያራቁትበት ዘመን ስለ ድመት የሚያስብ አልነበረም። በ1791 የተመሠረተው የለንደኑ ትምህርት ቤትም ዋና ትኩረቱ ፈረስ ነበር። ድመት አይጥ ትይዛለች፤ ከግልገሎቿ አንዱ ቢሞት ሌላ ትወልዳለች። አንድ ሐኪም ጊዜውንና ገንዘቡን አውጥቶ የሚያስነጥስ ግልገል እንዲያጠና የሚገፋፋው ነገር አልነበረም።

ድመት የዋጋ እንስሳ መሆን የጀመረችው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1871 ሃሪሰን ዊር በለንደን ክሪስታል ፓላስ ያዘጋጀው ትርኢት ለቀጣዮቹ የድመት ውድድሮች ሁሉ መነሻ ሆነ። ከልዩ ልዩ ቤት የመጡ ድመቶች በአንድ አዳራሽ፣ በተጠጋጉ ጎጆዎች ውስጥ ሲሰበሰቡ በሽታውም ምቹ መተላለፊያ አገኘ። በዚያ ዘመን ከውሻ በሽታ በተወሰደ ስም «ዲስቴምፐር» የሚባለው ብዙ ነገር ነበር፤ ጉንፋኑም፣ ዓይን የሚያጠፋውም፣ ዛሬ ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው ገዳይ የአንጀት በሽታም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ጀርሙ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይታወቅም። በባለቤቱ እጅ የነበረው ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ዓይናሩን ማራስና መጥረግ፣ ግልገሉን ከነፋስ መጠበቅ፣ በእንፋሎት ማጠንና ጥቂት የሞቀ ሾርባ ማቅመስ ብቻ ነበር። ይህ ዝቅ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ብዙው ክፍሉ ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነውና።

የመጀመሪያው ጀርም የተያዘው በአሜሪካ ነው። ጄምስ ቤከር በ1942 የሳንባ ምች ከያዛቸው ድመቶች አንድ ተላላፊ ጀርም ለይቶ አወጣ። ከሕያው ሕዋስ ውጭ የማይራባ ስለሆነ ቫይረስ መሰለው፤ ባክቴሪያ መሆኑ የተረጋገጠው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ክላሚዲያ ፌሊስ የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ በሳንባ ምች ስም ቢገኝም ዋና ጥቃቱ በዓይን ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በአንደኛው ዓይን ይጀምርና ከቀናት በኋላ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የቆቡ ውስጥ እስኪያብጥ ድረስ ይቀላል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህ ባክቴሪያ ዝምድና ትኩረት የሚስብ ነው። በአገሪቱ ገጠሮች ብዙ ሰው ያሳወረው ትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ማዝ፣ የሚመጣው ከዚሁ ዘር በሆነው በክላሚዲያ ትራኮማቲስ ነው። የሚገርመው የትራኮማውን ጀርም በዶሮ እንቁላል ውስጥ አሳድጎ ለማውጣት የተቻለው በ1957፣ በቤይጂንግ፣ በታንግ ፌይፋን እጅ መሆኑ ነው፤ የድመቷ ጀርም 15 ዓመት ቀድሞ ተገኝቷል። መድኃኒቱም አንድ ቤተሰብ ነው። በ1948 ይፋ የሆነው ክሎርቴትራሳይክሊን ለቴትራሳይክሊን መድኃኒቶች በር ከፈተ፤ በየጤና ጣቢያው ለትራኮማ የሚታደለው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የዚህ ወገን ነው። በድመት ግን ቅባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጀርሙ ከዓይን ውጭም ስለሚቀመጥ በአፍ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን ለ4 ሳምንት ያህል ያስፈልጋል፤ ዓይኑ ቶሎ ቢጠራም መድኃኒቱ አይቋረጥም። እንክብሉ ደረቁን ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ሊያቆስል ስለሚችል ወዲያው ውኃ ወይም ምግብ ይከተለዋል።

ሁለቱ ቫይረሶች የተገኙት በሌላ መንገድ ነው። በ1949 ጆን ኤንደርስና ባልደረቦቹ የፖሊዮን ቫይረስ በብርጭቆ ውስጥ በሚያድግ ሕዋስ ላይ ማራባት ሲችሉ፣ ተመራማሪዎች ዘዴውን በየእንስሳው ሕዋስ ሞከሩት፤ ድመትም ተራዋ ደረሰ። በ1957 ፋስቲየር የካሊሲን ቫይረስ በኒውዚላንድ አገኘ። በዓመቱ ክራንደልና ሞረር በአሜሪካ ሕመም ከያዛቸው ግልገሎች የሄርፒስን ቫይረስ አወጡ። የአንድ በሽታ ስም ለሦስት ተከፈለ፤ ሐኪሙም ከምልክቱ ተነስቶ መገመት ቻለ። ምላስ ላይ ቁስል ካለ ካሊሲ ይጠረጠራል። ብርቱ ማስነጠስ ከዓይን ቁስል ጋር ከሆነ ሄርፒስ ይጠረጠራል፤ ይህኛው ኮርኒያን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ይልጣል። ሳይታከም ከቆየ በተለይ በጨቅላ ግልገል የቆቡ ሥጋ ከኮርኒያው ጋር ይጣበቃል፣ አልፎ አልፎም ዓይኑ ይበሳል። ስለዚህ የስቴሮይድ ጠብታ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ ቅላቱን ቢያስታግስም ቫይረሱን ያበረታል።

የሄርፒስ ግኝት ግን ሕክምናውን ወዲያው አላቀለለውም፤ ይልቅስ ሌላ ችግር ገለጠ። ሮዛሊንድ ጋስኬልና ፖቪ በ1977 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከሕመሙ ያገገመች ድመት ቫይረሱን በአካሏ ውስጥ ይዛ ትኖራለች፤ ቤት ስትቀይር ወይም ስትወልድ፣ ከጭንቀቱ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደገና ትረጨዋለች። እናት ጤነኛ መስላ ግልገሎቿን የምታስይዝበት ምክንያት በዚህ ተፈታ። በእናት ወተት የመጣው መከላከያ እየቀነሰ ሲሄድ ግልገሉ ይጋለጣል፤ ሕመሙም በብዛት የሚታየው በዚያ ወቅት ነው።

ከሕክምናው ይልቅ መጀመሪያ የተለወጠው የአያያዙ ሥርዓት ነው። ጆአን ጀድ በ1958 በብሪታንያ ያቋቋመችው የድመት አማካሪ ቢሮ ድመቶች በአደራ የሚቀመጡባቸው ቤቶች እንዴት እንዲሠሩ ያስተምር ነበር፤ በጎጆዎቹ መካከል ክፍተት ወይም ማስነጠሻ የሚያግድ ግድግዳ እንዲኖር፣ አየሩ እንዲለወጥ። የማስነጠስ ፍንጣቂ ከ1 ሜትር ትንሽ በላይ ብቻ ስለሚሄድ ይህ በሽታ ሩቅ አይበርም፤ የሚሸከመው የአስታማሚው እጅና ልብስ ነው። የሄርፒስ ቫይረስ ከአካል ውጭ ከአንድ ቀን በታች ይቆያል፤ ካሊሲ ግን ሳምንታት ስለሚዘልቅ በበረኪና መታጠብ አለበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሁለቱ ቫይረሶች ክትባት ወጣ። መያዝን ሙሉ በሙሉ ባይከለክልም ሕመሙን ያቀልላል፣ ዓይንንም ያተርፋል።

የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ታሪክ የጀመረው ከሰው ዓይን ነው። ለካንሰር ታስቦ የተሠራው አይዶክሱሪዲን በ1962 በሰው የሄርፒስ የዓይን ቁስል ላይ ሲሠራ ታየ፤ ጠብታው ወደ ድመትም ተሻገረ። በሰው ላይ ድንቅ የሆነው አሲክሎቪር ግን ለድመት አልሆነም፦ ቫይረሷን እምብዛም አይጎዳም፣ ሊጎዳ በሚችልበት መጠን ደግሞ እርሷኑ ይመርዛል። መፍትሔው በ2000ዎቹ ተገኘ፤ ፋምሲክሎቪር የተባለው የሰው መድኃኒት በአፍ ሲሰጥ ድመቶች ጥሩ አድርገው ቻሉት። በአንጻሩ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ለዓመታት በምግብ ሲደባለቅ ቆይቶ፣ በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ጥቅም እንደሌለው ደመደመ። ከሰው መድኃኒት ቤት ሁሉ እኩል እንደማይወሰድ የሚያሳየው ሌላው ፓራሲታሞል ነው፤ የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል አንድ እንክብል ሊገድላት ይችላል።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ2001 የጀመረው የመጠለያ ሕክምና ትምህርት ጭንቀትን ራሱን የሕክምና ጉዳይ አደረገው። ሰፊ ጎጆ፣ መደበቂያ ሳጥን፣ ድመቷን ሳያወጡ የሚጸዳ ክፍል፤ እነዚህ በሽታውን እንደ መድኃኒት ይቀንሳሉ። ለታመመው ግልገል ደግሞ ጥንት የነበረው እንክብካቤ አሁን ምክንያቱ ታውቆ ይደረጋል። ድመት ምግቧን የምትለየው በማሽተት ነው፤ አፍንጫዋ ከተዘጋ ብትራብም አትበላም፤ ስለዚህ ለስላሳ ምግብ ሽታው እንዲወጣ ለብ ተደርጎ ይቀርባል፣ አፍንጫዋም በጨው ውኃ ይከፈታል። ዓይን የሚጠረገው ከአፍንጫ ወገን ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን በተለየ ጥጥ ነው። ገና ያልተገለጠ ዓይን መግል ከያዘ ተፈጥሮ እስክትገልጠው መጠበቅ ዓይኑን ማጣት ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ቆቡን ለይቶ መግሉን ያወጣል፣ ያጥባል፣ ቅባትም ያደርግበታል።