በሁለት ጎማና በሁለት እግር

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጎንደር ለብስክሌት የተሠራች ከተማ አይደለችም። ባሕር ዳር በሜዳዋ ላይ ተዘርግታ ተማሪውንም ነጋዴውንም ብስክሌት ላይ ስታወጣ፣ የእኛዋ ከተማ ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት። በልጅነቴ ብስክሌት የሚከራየው ለመንዳት ብቻ ሳይሆን ለመግፋትም ጭምር ነበር። እናም በ2000ዎቹ ውስጥ፣ በየካቲት ወር፣ በአዘዞ መንገድ የሚመጡትን የውጭ አገር ብስክሌተኞች ለማየት ስንሮጥ የሚገርመን ፈረንጅነታቸው አልነበረም። የሚገርመን ከመተማ ቆላ ተነሥተው ያን ሁሉ ዳገት እየተነፈሱ፣ ሳይወርዱ፣ መውጣታቸው ነበር።

«ዩ! ዩ! ዩ!» እያልን እንከተላቸዋለን። ከመካከላችን ድንጋይ የሚወረውርም ነበር። ዛሬ በጽሑፍ ስናዘዝ፣ አንዱን ድንጋይ የወረወርኩት እኔ ነኝ። አልመታም፤ ነገር ግን ሰውየው ዞር ብሎ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የ«ቱር ዳፍሪክ» ተጓዦች እንደነበሩ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ2003 ነው። ከካይሮ ተነሥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ በመተማ በኩል ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፎ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ በአራት ወር ገደማ ኬፕ ታውን ይደርስ ነበር፤ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ነበር። የጉዞው ጠንሳሽ ካናዳዊው ሄንሪ ጎልድ ከዚያ በፊት በእርዳታ ሥራ የቆየ ሰው ነበር። ከተጓዦቹም ብዙዎቹ በየአገራቸው ወዳጅ ዘመዶቻቸውን «ይህን ያህል ብጋልብ ይህን ያህል ስጡ» ብለው ለበሽተኞች መርጃ የሚሆን ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። እርሱ ከዳባት ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ በየወሩ ወደ ጎንደር የሚመጣ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ዳባት ይደርሳል፤ ከዚያ በአውቶቡስ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከእኛ ቤት ያድራል፤ በነጋታው ኢንሱሊኑን ተቀብሎ ይመለሳል። ነገሬን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣
«እኔም እኮ በየወሩ እመጣለሁ» አለኝ። «ለእኔስ ማን ይከፍላል?»
ቀልዱ ነበር፤ ሁላችንም ሳቅን። ሆኖም ከሳቁ በኋላ ጥያቄው ቀረ።

ርቀትን ወደ ምጽዋት የመለወጥ ሐሳብ ረጅም ታሪክ የለውም። ዓለም አጥብቆ የሚያስታውሰው ምሳሌ በ1980 የታየው ነው። አንድ እግሩን በካንሰር ያጣው የ21 ዓመቱ ካናዳዊ ቴሪ ፎክስ በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ለማቋረጥ ተነሣ፤ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ በሽታው ሳንባው ደርሶ አቆመው። በማግሥቱ ዓመት ሞተ። እርሱ የጀመረው ግን አልቆመም፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሯጭና ብስክሌተኛ በሌላው ሕመም ስም መንገድ ወጥቷል።

በእኛም ደጋ ስለ በሽተኛ መንገድ የሚወጣ ሰው ሞልቶ ነበር፤ መሣሪያው ብስክሌት ሳይሆን ቃሬዛ ሆነ እንጂ። አንድ ሰው ሲወድቅ የመንደሩ ጎልማሶች ይጠራራሉ። ከእንጨትና ከጠፍር በተሠራው ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ጋቢ አልብሰው፣ በየተራ ትከሻ እየቀያየሩ ይወርዳሉ። ገንዘብ የሚያዋጣ ያዋጣል፤ የሌለው ጉልበቱን ይሰጣል። ርቀቱን ግን ማንም አይቆጥረውም።

የዚህን አገር መንገድ ብስክሌተኛም ቢሆን በብስክሌት ብቻ አይደፍረውም ነበር። በ1963 በብስክሌት ከአየርላንድ እስከ ሕንድ የተጓዘችው ደርቭላ መርፊ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ የያዘችው በቅሎ ነበር። ሰሜንን አቋርጣ ጎንደር የገባችው በእግሯ ነው፤ በ1968 ያሳተመችው የጉዞ መጽሐፍም የበቅሎዋን ነገር በርእሱ ላይ ይዟል። በሊማሊሞ ገደል አናት ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቃትም።

ወደ ሕክምናው ታሪክ ልመለስ። በ1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታት በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቋመ። ዓላማው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር። በ1978 ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። ወባ፣ ኩፍኝ፣ ተስቦ የዘመኑ ጠላቶች ነበሩ፤ መጥተው ይገድላሉ ወይም ይሄዳሉ። የማይሄደው በሽታ ግን ሌላ ዓይነት ሐኪም ይፈልጋል።

አማርኛችን ይህን ዓይነቱን ሕመም «ሥር የሰደደ» ይለዋል። ፈረንጆቹ ስሙን ያወጡለት «ጊዜ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በደጋው አገር ግን የዚህ በሽታ ትክክለኛ መለኪያ ሥርም ጊዜም ሳይሆን መንገድ ይመስለኛል። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ የተሰጠው በ1922 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ በሽታ ወጣቱን ወዲያው የሚገድለው መድኃኒት ስላልተገኘለት አይደለም፤ መድኃኒቱና ሰውየው ስላልተገናኙ ነው።

ይህን የተረዱት የጎንደር ሐኪሞች ናቸው። ዶክተር (በኋላ ፕሮፌሰር) ሽታዬ ዓለሙና ከእንግሊዝ የመጡ ባልደረቦቻቸው በ1998 ባወጡት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ የስኳር ሕክምና የማግኘትን ችግር ለዓለም አሳዩ። ከዚያም ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ በ1988 በመሠረቱት የጤና ትምህርት ድርጅት እገዛ፣ በጎንደርና በጅማ አንድ ቀላል የሚመስል ሥራ ተጀመረ። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመምተኞችን በየጤና ጣቢያው ባሉ በሠለጠኑ ነርሶች እንዲታዩ ማድረግ ነው። ሐኪሙ አልፎ አልፎ እየወረደ ይጎበኛል፤ በሽተኛው ግን በቅርቡ ይታያል። የታምር መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ መንገዱ አጠረ እንጂ።

ከዚህም ሌላ ነገር ተገኘ። በገጠር የሚታዩት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወጣት፣ ከሲታና ድሆች ነበሩ። በ2009 ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የለም ያልነው ቸኩለን ይሆን?» የሚል ይዘት ያለው ጥያቄ አነሡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበርና። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እውቅና የሰጠው በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ዜና ሲሰማ ሸንቃጣ ክንዱን አየና፣ «እንዲህ ከሆነ ስም ወጣልኝ ማለት ነው» አለ። የእርሱ በሽታ ያ ይሁን አይሁን የመረመረው የለም።

እርሱ ዛሬም አለ። ኢንሱሊኑን ከቤቱ ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ መቀበል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ብልቃጧን በረጠበ ሸክላ ውስጥ፣ ከቤቱ ጥግ ቀዝቀዝ ካለው ስፍራ ያኖራታል። ይሁንና በ2023 በክልላችን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት መጥተዋል። በስልክ ስንነጋገር ስለ ጥይት ብዙ አያወራም። «ስንት ቀን ቀረህ?» እለዋለሁ። ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያያት ዝምታው ይሰማኛል፤ ከዚያ ቁጥር ይነግረኛል።

አንድ ጊዜ አሥራ አንድ አለኝ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አራት።

ለዚያ ብስክሌተኛ ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻ የለኝም። ዛሬ ባገኘው ግን ስለ ድንጋዩ ብቻ አልነግረውም። በዚያው ዳገት ላይ፣ እርሱ ላቡን እየጠረገ ሲወጣ፣ ከማዶው ተራራ በኩል ሌላ ተጓዥ በባዶ እግሩ ይወርድ እንደነበር፣ ማንም ቆሞ እንዳላጨበጨበለትና ሁለቱም በአንድ ጉዳይ መንገድ ላይ እንደነበሩ እነግረው ነበር።