ምልክትንና ምክንያትን ስለ መለየት፤ የዘር ውርስ ጥናትና የነቀርሳ በሽታ

ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ነገር ግን ንጋትን የሚያመጣው የዶሮ ጩኸት አለመኾኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ኹለት ነገሮች ተከታትለው ስለ መጡ ብቻ አንደኛው የሌላው ምክንያት ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ይኽ ለኹላችንም ግልጽ የኾነው ነገር ወደ በሽታ ምርመራ ሲገባ ግን ታላላቅ ሊቃውንትን ሳይቀር ሲያስቸግር ኖሯል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ በነቀርሳ ወይም በካንሰር በሽታ ረገድ ይኽን ችግር ለመፍታት የተሄደበትን መንገድ የሚያስረዳ ነው። ዓመታቱን የጻፍናቸው በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት፥ ብዙ ሰዎችን ለረዥም ጊዜ ከተከታተሉት ጥናቶች አንዳንዶቹ አንድ አሳሳቢ ነገር አሳዩ። ይኸውም በደማቸው ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባለው የስብ ዓይነት ያነሰባቸው ሰዎች በነቀርሳ የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ በዝቶ መገኘቱ ነው። በዚያው ዘመን ደግሞ ሐኪሞች የልብን በሽታ ለመከላከል ሲሉ ሰው ኹሉ ኮሌስትሮሉን እንዲቀንስ ይመክሩ ነበር። እንግዲህ የኮሌስትሮል ማነስ በእውነት ነቀርሳን የሚያመጣ ከኾነ፥ ልብን ለማዳን የተሰጠው ምክር ሰውን ወደ ሌላ ሞት የሚነዳ ሊኾን ነው። ዳሩ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊኾን ይችላል፤ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚያድገው፥ ገና ያልታወቀው ነቀርሳ ራሱ ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ቢኾንስ?

ይኽን ለመለየት የሚያስችለውን ሐሳብ በ1986 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ ያቀረበው ማርታይን ካታን የተባለው የሆላንድ ሊቅ ነበር። ስብን በደም ውስጥ ከሚያመላልሱት ፕሮቲኖች አንዱ አፖሊፖፕሮቲን ኢ ይባላል። ይኽም በዘር የሚወረሱ ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ 2ኛ፥ 3ኛና 4ኛ ተብለው ይጠራሉ። 2ኛውን ዓይነት የወረሱ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከልደታቸው ዠምሮ በአማካይ ያነሰ ነው። ስለዚህ የኮሌስትሮል ማነስ ነቀርሳን የሚያመጣ ከኾነ፥ 2ኛው ዓይነት ከጤነኞች ይልቅ በነቀርሳ ሕሙማን ዘንድ በዝቶ መገኘት አለበት። በጉልምስና ወይም በእርጅና የሚመጣ በሽታ ሰው ከእናት ከአባቱ የወረሰውን ዘር ወደ ኋላ ተመልሶ ሊለውጠው አይችልምና።

የዚህ ሐሳብ መሠረት የተጣለው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኩሴ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ፥ በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራና እያዳቀለ የውርስን ሕግ መረመረ፤ ውጤቱንም በ1866 ዓ.ም. አሳተመ። ልጅ ከእናቱና ከአባቱ ካሉት ጥንድ ጥንድ የዘር ቅንጣቶች ከእያንዳንዳቸው አንዱን ይወርሳል፤ የትኛው እንደሚደርሰውም እንደ ዕጣ ነው። ሐኪሞች የመድኃኒትን ፍቱንነት ለመፈተን ሕሙማንን በዕጣ ይከፍላሉ፤ ሰውን በዕጣ ከፍሎ ግን ግማሹን አወፍራለኹ፥ ግማሹን አስረዝማለኹ ማለት አይቻልም። ተፈጥሮ ግን ይኽን ዕጣ ከመወለዳችን አስቀድማ ጥላዋለች። በ2003 ዓ.ም. ጆርጅ ዴቪ ስሚዝና ሻህ ኢብራሂም የተባሉ ሊቃውንት ይኽን የምርመራ ዘዴ በሜንዴል ስም እየጠሩ በሰፊው አስተዋወቁት።

የካታን ጥያቄ ምን መልስ አገኘ? በ2009 ዓ.ም. እርሱ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋራ ባሳተመው ጥናት፥ 2ኛውን ዓይነት የወረሱት ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ያነሰ ኾኖ ሳለ በነቀርሳ ግን ከሌሎቹ ይበልጥ እንዳልተያዙ ታወቀ። የኮሌስትሮል ማነስ ምልክት እንጂ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው ስለ ሰውነት ቅርጽም ተሠርቶበታል። ረዥም ሰዎች በአንጀትና በጡት ነቀርሳ የመያዛቸው ዕድል ከፍ ማለቱ ከቀድሞ የታየ ሲኾን፥ የዘር ምርመራው ደግፎታል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን ነቀርሳ እንደሚያመጣ በዚሁ መንገድ ተረጋግጧል፤ የሰውነት ስብ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ስለሚያመነጭ ነው።

ኾኖም ዘዴው የራሱ ወሰን አለው። አንዱ የዘር ቅንጣት ብዙ ሥራ የሚሠራ ከኾነ፥ በሽታው በየትኛው መንገድ እንደ መጣ መለየት ያዳግታል። ከዚህም በቀር እስከ አኹን የተሰበሰበው የዘር መረጃ አብዛኛው ከኤውሮጳ ተወላጆች የተገኘ ነው፤ የሰው ልጅ የዘር ልዩነት ከኹሉ ይልቅ በዝቶ የሚገኘው ግን በአፍሪካ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ሕዝብ የተገኘው መልስ ለሌላው ሳይመረመር ሊቈረጥለት አይገባም።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከዚህ የምንረዳው ዘር ፍርድ አለመኾኑን ነው። ረዥም ኾኖ የተወለደ ሰው በነቀርሳ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዕድሉ በጥቂቱ ከፍ አለ ማለት ብቻ ነው። ቁመቱን ማሳጠር ባይችል፥ ክብደቱን መጠበቅና ከትምባሆ መራቅ ግን ይችላል። የዘር ምርመራ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፤ የማይለወጠውን ዕጣችንን እየመረመረ፥ የሚለወጠው የትኛው እንደ ኾነ ያሳየናል።