ስለ ጦር ሠራዊትና ስለ ባሕር ማዶ መራጮች ለምርጫ አስፈጻሚዎች የሚቀርብ መጠይቅ

በአሜሪካ ከእያንዳንዱ የፌዴራል ጠቅላላ ምርጫ በኋላ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ጥናት ነው። የየካውንቲውና የየከተማው ምርጫ አስፈጻሚዎች ለጦር ሠራዊት አባላት፣ ለቤተሰቦቻቸውና በውጭ አገር ለሚኖሩ ዜጎች ስንት የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደላኩ፣ ስንቱ እንደተመለሰ፣ ስንቱ እንደተቆጠረና ስንቱ ውድቅ እንደሆነ ይመልሱበታል።

ጥያቄው ለአጥቢያ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀርበው መራጩን የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ነው። ከፌርፋክስ ካውንቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ዜጋ ወረቀቱ የሚላክለትም፣ ድምፁ የሚቆጠርለትም እዚያው ቨርጂኒያ ነው። ኤምባሲው ፖስታውን ተቀብሎ ከማስተላለፍ ያለፈ ሥልጣን የለውም።

የእነዚህን መራጮች መብት ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ነው። የጉዳዩ ክብደት ግን ለሕዝብ ጎልቶ የታየው በ2000 በፍሎሪዳ ነበር። ጆርጅ ቡሽ በ537 ድምፅ ብልጫ ባሸነፉበት በዚያ ምርጫ፣ የፖስታ ቤት ማኅተም ያላረፈባቸው የወታደሮች ፖስታዎች ይቆጠሩ አይቆጠሩ በሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። በ2002 የወጣው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ የምርጫ ድጋፍ ኮሚሽንን ሲያቋቁም፣ የተላኩና የተመለሱ ወረቀቶች ብዛት ከምርጫው በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ሪፖርት እንዲደረግ አስገደደ። በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፌዴራል የድምፅ አሰጣጥ እገዛ ፕሮግራም ለብቻው ያሰራጨው የነበረው መጠይቅም ከ2014 ጀምሮ ከኮሚሽኑ ጥናት ጋር ተዋሐደ።

ቁጥሮቹ ጥንቃቄ ይሻሉ። ያው የ2002 ሕግ አንድ ጊዜ ያመለከተ መራጭ እስከ ቀጣዮቹ ሁለት ጠቅላላ ምርጫዎች ድረስ ወረቀት እንዲላክለት ያዝዝ ነበር። ወታደር ደግሞ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ይዛወራል። የምርጫ ጸሐፊዋ በታዘዘችው መሠረት ወደ ቀድሞው አድራሻ ትልክ ነበር፤ ፖስታው ባለቤቱን አጥቶ ይመለስ ነበር፤ በመጠይቁ ላይ ግን «ተልኳል» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። እንዲህ ያለውን አኃዝ ብቻ ያየ ሰው ወታደሩ ለምርጫ ደንታ የለውም ብሎ ሊፈርድበት ይችላል፤ ይህ በደል ነው። በ2009 የወጣው ማሻሻያ ግዴታውን አነሣ። አስቀድመው ላመለከቱ መራጮችም ወረቀቱ ከምርጫው ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ እንዲላክ፣ መራጩ ከፈለገም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲደርሰው ደነገገ።

የመላሾቹ አቅምም ይለያያል። ትልልቅ ካውንቲዎች የመረጃ ባለሙያ ቀጥረው ያሠራሉ። በዊስኮንሲን ግን ምርጫ የሚያስፈጽሙት ከ1,800 በላይ የከተማና የገጠር አስተዳደር ጸሐፊዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ናቸው። በባዶ የተተወ ሣጥን «አንድም የለም» ለማለት ይሁን «አልመዘገብንም» ለማለት፣ ጸሐፊውን ደውሎ ካልጠየቁት አይለይም።

በ2020 ምርጫ ከ900 ሺህ በላይ ወረቀቶች ከመራጮች ተመልሰዋል፤ ከመራጮቹም የሚበዙት ወታደሮች ሳይሆኑ ሲቪሎች ነበሩ። እገዛ ፕሮግራሙ ከግዛት መንግሥታት ምክር ቤት ጋር ባዘጋጀው የመረጃ መስፈርት የሚጠቀሙ ግዛቶች፣ እያንዳንዱ ወረቀት የተጠየቀበትን፣ የተላከበትንና የተመለሰበትን ቀን በቀጥታ ከምርጫ መዝገባቸው ያወጣሉ። በዚህ መንገድ አንድ ድምፅ የቀረው ዘግይቶ በመላኩ ይሁን ዘግይቶ በመመለሱ ለይቶ ማየት ይቻላል።