በአይገር ሆድ ውስጥ የሚያልፈው ሐዲድ

ስዊዘርላንድ ውስጥ ወዳለው የዩንግፍራውዮኽ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ በረዶው ነው። እኔ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝና ከበረዶው በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሐዲዱ ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ሲጠግነው የኖረው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመርም አንድ ሜትር ነበር። በርን ከተማ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ ጠዋት ወስጄ ማታ የምመልሰው ወደዚያ ተራራ ነው። የቲኬቱ ዋጋ ኪስ ያራቁታል፤ ታሪኩን ግን በነጻ እነግራቸዋለሁ።

ነገሩ የተጸነሰው በ1893 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የዙሪኩ የጨርቃ ጨርቅ ከበርቴ አዶልፍ ጉየር-ዜለር ኦገስት 27 ቀን ከሴት ልጁ ጋር ሺልትሆርን ተራራ ላይ ሲንሸራሸር፣ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው የቬንገርንአልፕ ባቡር ከማዶ ወደ ክላይኔ ሻይዴክ ሲያዘግም አየ። ባቡሩ 2,061 ሜትር ላይ ደርሶ ይቆማል። ከጣቢያው በላይ አይገር፣ ሜንኽና ዩንግፍራው የተባሉት ተራሮች ተደርድረዋል። ሰውየው ያን ሌሊት ሙረን መንደር በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ መስመሩን ወረቀት ላይ ነደፈው፤ ከሻይዴክ ተነሥቶ፣ በአይገርና በሜንኽ ሆድ ውስጥ አልፎ፣ ዩንግፍራው ጫፍ ሥር የሚደርስ፣ ከዚያም መንገደኛውን በአሳንሰር 4,158 ሜትር ላይ የሚያወጣ።

ከእሱ በፊትም ያሰቡት ነበሩ። በአይፍል ማማ ሥራ ስሙ የሚነሣው መሐንዲስ ሞሪስ ኬክላን ዕቅድ አቅርቧል። የፒላቱስ ተራራን ባቡር የሠራው ኤድዋርድ ሎኸር ደግሞ ፉርጎውን በቱቦ ውስጥ በአየር ግፊት ሽቅብ ልግፋው ብሎ ነበር። የሁለቱም ዕቅድ የሚነሣው ከሸለቆው ወለል ነበር። ጉየር-ዜለር ነጋዴ ነበርና ሌላው በከፈለበት ሐዲድ እስከ ሻይዴክ ወጥቶ የቀረውን ብቻ መቆፈር መረጠ። ለእኔ የዚህ ሰው ችሎታ ያለው እዚህ ሒሳብ ላይ ነው። ተራራ መውደድማ ብዙዎች ይወዱ ነበር።

ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ግን መንግሥት አንድ ጥያቄ አነሣ፦ ሰው በአንድ ጊዜ ያን ያህል ከፍታ ላይ ቢወጣ ጤናውን አይጎዳውም ወይ? በ1894 የበርን ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮሎጂስት ሁጎ ክሮነከር ሰዎችን በሸክም ብራይትሆርን ተራራ ላይ አስወጥቶ ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን መረመረ፤ ጤነኛ ሰው ሳይደክም እስከወጣ ድረስ ክፉ እንደማያገኘውም መሰከረ። ይህን ለእንግዶቼ ስነግር ሁሉም ይስቃሉ። የሰሜን ተራሮች ገበሬ ባቡሩ ከሚቆምበት ከፍታ በላይ ገብስ ሲያጭድ ኖሯልና።

ፈቃዱ በዲሴምበር 1894 ተሰጠ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ዳግማዊ ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ ሸዋ የሚመጣውን ሐዲድ እንዲያሠራ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተው ነበር። ኢልግ የፍራውንፌልድ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን የተማረው ዙሪክ ነው። የአንድ አገር ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ዓመት ሁለት ፈቃድ፣ አንድ የሐዲድ ስፋት። ልዩነቱ የአንዱ ሐዲድ ለባሕር በር፣ የሌላው ለሽርሽር መሆኑ ነው።

ቁፋሮው በጁላይ 1896 ተጀመረ። የእንፋሎት ባቡር በዋሻ ውስጥ ሰውን በጭስ ያፍናልና መስመሩ ከመጀመሪያው በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ተወሰነ፤ ኃይሉ የሚመጣው በላውተርብሩነን ሸለቆ ከሚወርደው ወንዝ ነው። ዛሬም ቀና ብሎ ያየ ሰው ከባቡሩ በላይ እንደ ሌላው ቦታ አንድ ሳይሆን ሁለት ሽቦ ተዘርግቶ ያያል፤ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሐዲዱ ራሱ ሦስተኛው ሽቦ ነው። ቁልቁል የሚመጣው ባቡር ሞተር ደግሞ ኃይል እያመነጨ ወደ መስመሩ ይመልሳል። ዳገቱ በየመቶ ሜትሩ እስከ 25 ሜትር ስለሚነሣ ለስላሳ ጎማ አይዘውም፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ኤሚል ሽትሩብ የፈለሰፈው ባለ ጥርስ ሐዲድ ተነጥፏል። ባቡሩ በጥርስ ጎማው እየነከሰ ይወጣል።

የቆፈሩት አብዛኞቹ ጣሊያኖች ናቸው። ክረምት ሲገባ መንገዱ በበረዶ ስለሚዘጋ በመከር ዱቄት፣ ድንችና ወይን ጠጅ አከማችተው አይገር ግላቸር ጣቢያ፣ 2,320 ሜትር ላይ ይከርሙ ነበር። ያ ከፍታ ከአዲስ አበባው ለገሃር ጣቢያ ጋር ይቀራረባል። የእኛ መስመር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በ784 ኪሎ ሜትር ያለ ጥርስ የሚወጣው ዋሻው የሚጀምርበትን ያህል ከፍታ ነው። የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ፣ ባቡር ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼን ወስጃቸው ይህን ስነግራቸው፣ «እንግዲያ እኛም ተራራ ወጥተናል በለኛ!» አሉኝ። በዋሻው ውስጥ ግን ጸጥ ብለው ግድግዳውን ብቻ ነበር የሚያዩት። ሰባት ኪሎ ሜትር ሙሉ ድንጋይ ነው።

የተፈለጠው ድንጋይ የሚጣለው በአይገር ግድግዳ ላይ በተከፈቱ ቀዳዳዎች ነበር። በጁላይ 1936 አራት ወጣት ተራራ ወጪዎች የሰሜኑን ግድግዳ ሲሞክሩ ያለቁት ከነዚያ ቀዳዳዎች ብዙም ሳይርቁ ነው። አዳኞቹ በባቡር መጥተው በዋሻው በር ወጡ፤ ቶኒ ኩርዝ በገመድ ተንጠልጥሎ ጥቂት ሜትር ሲቀራቸው ሞተ።

ሠራተኞቹም ሞተዋል። በፌብሩዋሪ 1899 ዲናሚት ፈንድቶ ስድስት ጣሊያኖች አለቁ። በኤፕሪል ጉየር-ዜለር ራሱ ሞተ፤ የወራሾቹ ገንዘብ እያለቀ፣ ሥራው እየቆመ እየተነሣ ቀጠለ። የአይገር ግድግዳ ጣቢያ በ1903፣ አይስሜር በ1905 ተከፈቱ። ሐዲዱ በደረሰበት መንገደኛ እያሳፈሩ፣ በቲኬቱ ገንዘብ ቀጣዩን ይቆፍሩ ነበር። በ1908 የዲናሚት መጋዘን ሲነጉድ ሰው ባይሞትም ድምፁ ሩቅ አገር ተሰማ። በሰባት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ 16 ዓመት ፈጀ፣ 30 የሚሆኑ ሰዎችንም በላ። አሳንሰሩ ተሠርዞ መጨረሻው 3,454 ሜትር ላይ ያለው ዩንግፍራውዮኽ ሆነ። የመጀመሪያው መንገደኛ ባቡር እዚያ የገባው ኦገስት 1 ቀን 1912 ነው፤ የስዊዝ ብሔራዊ በዓል ዕለት።

ኢልግም ሐዲዱ ሲያልቅ አላየም። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ኩባንያው ከስሮ ሥራው ዓመታት ቆመ፤ ኢልግ በ1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የሽርሽሩ ባቡር ዛሬም በየቀኑ ይሄዳል። የባሕር በሩ ሐዲድ ግን ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ባለው ክፍል ዝጎ ቀርቷል፤ አዲሱ ባቡር በሌላ መስመር ነው የሚሄደው። ይህ ያናድደኛል፤ የሽርሽሩን ባቡር ተራራው የሚያስገባው ገንዘብ እንደሚያኖረው ባውቅም ያናድደኛል።

ዩንግፍራውዮኽ ላይ በሚገኝ አንድ መተላለፊያ ለሞቱት ቆፋሪዎች መታሰቢያ ተሠርቷል። ጋሼ እዚያ ደርሰው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «የእኛዎቹስ ስም የት ነው የተጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ። ከ1897 እስከ 1917 በዚያ በረሃ ሐዲድ ሲዘረጉ የሞቱትን ስም ዝርዝር እኔ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አባታችሁ ወይም አያታችሁ በምድር ባቡር የሠሩ፣ ድሬዳዋም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ስም፣ ዓመትና ቦታ እየጠየቃችሁ በደብተር ጻፉ፤ የደሞዝ ደብተር፣ የሥራ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍም ካለ አትጣሉ።