የዋና ጥበብ፤ ከፒሬዎስ ባሕር እስከ ሐይቅ



ከውርጌሳ ተነሥታችሁ ወደ ደሴ ስትጓዙ ውጫሌን አልፋችሁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከከተማው አጠገብ ያለው ውኃ ጥልቀቱ 88 ሜትር ያህል ነው። በዚያው ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነው። እንግዲህ በውኃ ዳር መጽሐፍን ስታስተምር የኖረች አገር፣ ዋናን ግን በሥርዓት ሳታስተምር ለምን ቀረች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የውኃ ዳር ልጅ ዋናን ታላላቆቹን እያየ ይለምዳል እንጂ የሚያስተምረው መምህር እምብዛም የለውም።

የዓለምን ታሪክ ብንመለከት፣ ዋና ለጨዋታ ብቻ የተያዘ ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን። ሀንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃዮሽ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዳኑብ ወንዝ ሰጥመው ሞቱ። ልጁም ከዚህ ኀዘን በኋላ ዋናን አጥብቆ ተማረ። በውጫሌው ውል ጠንቅ የተነሣው ጦርነት በአድዋ ድል በተፈጸመበት በ1888 ዓ.ም.፣ ከድሉ 41 ቀን በኋላ ይኸውም ሚያዝያ 4 ቀን፣ ሃዮሽ በአቴና አጠገብ በፒሬዎስ ባሕር ለመጀመሪያው የኦሎምፒክ ውድድር ቀረበ።

በዚያን ጊዜ የመዋኛ ገንዳ አልተዘጋጀም ነበር። ዋናተኞቹ በጀልባ ወደ ባሕሩ ተወስደው ወደ ዳር እንዲዋኙ ተደረገ። ውኃው እጅግ ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ሃዮሽ ገላውን በወፍራም ስብ ቀባ። መቶውን ሜትር በ1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ፣ 1,200ውን ሜትር በ18 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ፈጽሞ በሁለቱም አንደኛ ወጣ። በኋላም ስለ ረጅሙ ውድድር ሲናገር፣ ከማሸነፍ ምኞት ይልቅ በሕይወት የመውጣት ፍላጎት በልጦበት እንደ ነበር ገልጿል።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሎምፒክ በመቶ ሜትር ዋና ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ስለ ወጣ ብዙ ሰው ሳቀበት። ነገር ግን የገባበት ጊዜ 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ነበር፤ ይህም ከሃዮሽ ጊዜ በ17 ሰከንድ ይፈጥናል። እርግጥ ነው፣ ያኛው በቀዝቃዛ ባሕር፣ ይኸኛው በገንዳ ዋኝተዋልና ነገሩ እኩል አይመዘንም። ቢሆንም አንድ ትምህርት ይሰጠናል። በ120 ዓመት ውስጥ የተለወጠው የሰው ክንድ አይደለም፤ ዋናን ከሕፃንነት ጀምሮ የማስተማር ልማድ ነው።

«ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም፤ ዋና ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። የሃዮሽ አባት ግን የሞቱት በባሕር ሳይሆን በወንዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ አብዛኞቹም እንደ እኛ ባሉ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ለዚህ ሞት ወንዝ፣ ኩሬና ጉድጓድም ይበቃሉ።

ስለዚህ እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወላጆች፣ ልጃችሁን ፊደል እንደምታስቆጥሩት ሁሉ ዋናንም አስተምሩት። ትምህርቱ እግር መሬት በሚነካበት ስፍራ፣ ዋና የሚያውቅ ትልቅ ሰው በቅርብ ቆሞ እያየው ይሁን። የሚሰጥም ሰው ቢያይ ዘሎ እንዳይገባ፣ ይልቁንም ገመድ ወይም እንጨት እንዲያቀብልና ሰው እንዲጠራ ንገሩት።

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። ሳቁን አውቆ የሚመለስ ልጅ ማሳደግ ግን የእኛ ፈንታ ነው።