የሄሬዝ ገበታ ባለውለታዎች

እ.ኤ.አ. በ1587 የጸደይ ወራት እንግሊዛዊው የባሕር አዛዥ ፍራንሲስ ድሬክ በደቡብ ስፔን የሚገኘውን የካዲዝ ወደብ ድንገት ወረረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የስፔኑ ንጉሥ 2ኛ ፊሊፕ እንግሊዝን ለመውጋት ያዘጋጃቸውን መርከቦች አቃጠለ፤ ሲመለስም 2,900 ያህል በርሜል የወይን ጠጅ ማርኮ ሄደ። እንግሊዞች ቀድሞም የሚወዱት ይህ መጠጥ ከዚያ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ገነነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዊልያም ሼክስፒር ፋልስታፍ የተባለውን ገጸ ባሕርይ በመድረክ ላይ አቁሞ ስለዚሁ ወይን ረጅም ውዳሴ አስደረደረው።

ዓለም ሼሪ ብሎ የሚያውቀው ይህ ወይን የሚጠመቀው በአንዳሉሲያ፣ በካዲዝ አውራጃ፣ በሦስት ከተሞች መካከል ነው። እነርሱም ሄሬዝ፣ ሳንሉካርና ኤል ፑዌርቶ ደ ሳንታ ማሪያ ናቸው። ዛሬ አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን ይዘው ከባሕር ዳር ወደ ወይን እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ወይን መጋዘን ያዞራሉ። ፀሐዩ ደማቅ፣ ዓሣው ትኩስ፣ ወይኑም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በዚህ ምድር እያንዳንዱ ጣዕም ባለውለታ አለው። እነማን እንደሆኑ ለማወቅ መንገዱን ከባሕሩ እንጀምር።

ካዲዝ፦ የመረብ ጥበብ

ካዲዝን የቆረቆሩት ከዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍ የተነሡ ፊንቃውያን ነጋዴዎች ናቸው። ወይን ተክሎ መጥመቅን ወደዚህ አካባቢ ያስገቡትም እነርሱ እንደሆኑ ይታመናል። ዓሣ የማጥመድ ጥበባቸውም ከእነርሱ ጋር አልጠፋም። በየዓመቱ በጸደይ ግዙፉ ቱና ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራኒያን ሲያቋርጥ በባርባቴ፣ በኮኒል፣ በዛሃራና በታሪፋ ያሉ ዓሣ አጥማጆች አልማድራባ የሚባለውን ወጥመድ ይዘረጋሉ። ከባሕሩ ወለል ጋር በመልሕቅ የታሰሩ መረቦች ዓሣውን ከክፍል ወደ ክፍል እየመሩ መውጫ ወደሌለው የመጨረሻው ክፍል ያስገቡታል። ከዚያም ሰዎቹ መረቡን በኅብረት ወደ ላይ ይስባሉ።

ሮማውያን ይህን ዓሣ በጨው አቆይተው ለግዛታቸው ይልኩ ነበር። በታሪፋ አቅራቢያ ባለችው ባኤሎ ክላውዲያ በተባለች ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ዓሣ ይዘፈዘፍባቸው የነበሩት የድንጋይ ገንዳዎች ዛሬም ይታያሉ። ሮማዊው ጌታ በየምግቡ ላይ የሚያፈሰው ጋሩም የተባለ የዓሣ ማጣፈጫ የሚዘጋጀው እንዲህ ባሉ ገንዳዎች ነበር።

ሳንሉካር፦ የባሕር ጉዞ በር

ጓዳልኪቪር ወንዝ ከአትላንቲክ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ሳንሉካር ተቀምጣለች። ክርስቶፎር ኮሎምበስ በ1498 ለሦስተኛ ጉዞው የተነሣው ከዚህ ነው። ፖርቱጋላዊው ማጄላንም በመስከረም 1519 አምስት መርከቦችና 240 ያህል ሰዎች ይዞ፣ የአካባቢውንም ወይን ጭኖ ከዚሁ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሁዋን ሴባስቲያን ኤልካኖ እየተመራች ዓለምን ዞራ የተመለሰችው አንዲት መርከብ ብቻ ነበረች፤ የያዘችውም 18 ሰዎችን ነበር።

ያ የባሕር መንገድ የአንዳሉሲያን ማዕድ ለወጠ። ቲማቲምና ቃሪያ ከአሜሪካ መጡ። ዛሬ በበጋ ቀዝቅዞ የሚጠጣው ቀይ ጋስፓቾ ከዚያ በፊት ቲማቲም የማያውቅ የድሆች ምግብ ነበር፤ ደረቅ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና ኮምጣጤ በአንድ ላይ ተወቅጠው የእርሻ ሠራተኛው በጠራራ ፀሐይ ይበላው ነበር።

በሳንሉካር ዳርቻ እንግዳ በመጀመሪያ የሚቀርብለት የተቀቀለ ትልልቅ ሽሪምፕ ነው። ቀጥሎም ከስንዴና ከሽምብራ ዱቄት ቀጭን ሊጥ ጋር ተቀላቅሎ በዘይት የተጠበሰ ደቃቅ ሽሪምፕ ይመጣል። አብሮት የሚጠጣው ማንዛኒያ የተባለው ፈዛዛና ደረቅ ሼሪ ነው። ይህ ወይን በርሜሉን እስከ አፉ አይሞላም። በተተወለት ክፍተት ላይ በተፈጥሮ የሚያድግ ነጭና ስስ የእርሾ ሽፋን ወይኑን ከአየር ይከልለዋል፤ የአካባቢው ሰዎች ፍሎር ይሉታል። ሽፋኑ እርጥበትና ቀዝቀዝ ያለ አየር ይሻል፤ የሳንሉካር የባሕር ነፋስም ሁለቱን ይሰጠዋል። የአልኮል መጠኑ ወደ 15 በመቶ ሲሆን ፍሎር ይኖራል፤ ከ17 በመቶ ሲያልፍ ግን ይሞታል፤ ወይኑም አየር እያገኘ ጠቁሮና ከብዶ ኦሎሮሶ ይሆናል። ለዓሣ ማንዛኒያ፣ በቀስታ ለበሰለ የበሬ ጅራት ኦሎሮሶ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ሄሬዝ፦ አሮጌው አዲሱን ሲያሳድግ

ሄሬዝ ከ711 ጀምሮ ከ500 ዓመት በላይ በሙስሊም ገዥዎች ሥር ነበረች። በ966 የኮርዶባው ኸሊፋ 2ኛው አል-ሐከም ወይኑ ይነቀል ብሎ እንዳዘዘ፣ የሄሬዝ ሰዎችም ፍሬው ለወታደሮች ስንቅ የሚሆን ዘቢብ ነው ብለው ተከራክረው አብዛኛውን እንዳተረፉ ይነገራል። በ1264 የካስቲያው ንጉሥ 10ኛው አልፎንሶ ከተማዋን ያዘ። ከሙስሊሞቹ ዘመን የቀረው ምሽግ ግን መስጊዱን እንደያዘ እስከ ዛሬ ቆሟል።

በከተማዋ ዙሪያ ያለው አልባሪዛ የሚባለው ነጭ አፈር ዓይን ያጥበረብራል። የክረምቱን ዝናብ መጦ ይይዛል፤ በበጋ ላዩ ደርቆ እርጥበቱን ፓሎሚኖ ለተባለው የወይን ዝርያ ሥር ያቆይለታል። አዝመራው ሲያበቃ ሠራተኞች ዝናቡ በቁልቁለቱ ፈስሶ እንዳያመልጥ በየተክሉ መካከል ጉድጓድ ያበጃሉ።

ጣሪያቸው ከፍ ባለ፣ ግድግዳቸው በወፈረ መጋዘኖች ውስጥ በርሜሎች በረድፍ ላይ ረድፍ ይደረደራሉ። ለጠርሙስ የሚቀዳው ከታችኛው ረድፍ፣ ያውም ከፊሉ ብቻ ነው፤ የጎደለው ከላዩ ካለው ረድፍ ይሞላል፤ አዲሱ ወይን የሚገባው ከሁሉም በላይ ባለው ነው። በእናቶቻችን ቤት የቆየ እርሾ አዲሱን ሊጥ እንደሚያቦካ፣ እዚህም አሮጌው ወይን ለአዲሱ ጠባዩን ያወርሰዋል። ሶሌራ የሚባለው ይህ ሥርዓት በርሜሉ ጨርሶ እንዲራቆት ስለማይፈቅድ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የብዙ ዓመታት አዝመራ አለ።

ከመጋዘኑ የተረፈውም ጣፋጭ ወልዷል። ወይኑን ለማጥራት የእንቁላል ነጩ ክፍል ብቻ ይፈለግ ስለነበር አስኳሉ ለገዳማት ይሰጥ ነበር ይባላል። መነኮሳይያቱም ከስኳር ጋር በእንፋሎት አብስለው ቶሲኖ ደ ሲዬሎ የተባለውን ወርቃማ ጣፋጭ ሠሩ።

ያልተነገረላቸው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሼሪ ብዙ ሀብት አመጣ። በ1854 የአንዳሉሲያ የመጀመሪያው ባቡር ከሄሬዝ ወደ ኤል ፑዌርቶ ተዘረጋ፤ ዋና ሸክሙም ወይን ነበር። የወይኑ ነጋዴዎች ቪላ ሲያሠሩ፣ ተክሉን የሚገርዘውና ዘለላውን የሚለቅመው የቀን ሠራተኛ ግን መሬት አልነበረውም፤ ሥራ በሌለበት ወራትም ይራብ ነበር። በጥር 8 ቀን 1892 ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ የእርሻ ሠራተኞች የታሰሩ ጓዶቻቸውን ለማስፈታት ወደ ሄሬዝ ገቡ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ አመፁም ወዲያው ከሸፈ። በተከታዩ ወር አራት ሰዎች በሞት ተቀጡ። ደራሲው ቪሴንቴ ብላስኮ ኢባኜዝ በ1905 ባሳተመው «ላ ቦዴጋ» በተሰኘ ልብ ወለዱ ያንን ዘመን ለአንባቢ አቆይቶታል።

ከአመፁ ሁለት ዓመት በኋላ ፊሎክሰራ የተባለው ሥር በል ተባይ ደርሶ ወይኑን አጠፋው። በአሜሪካ የወይን ሥር ላይ እያዳቀሉ እርሻውን እንደገና የተከሉትም እነዚያው እጆች ናቸው።

በ1933 የወጣው የስፔን ሕግ ሄሬዝ የሚለውን የወይን ስም ከለለ፤ በ1935ም ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ተቋቋመለት። ስሙ ጠባቂ አገኘ ማለት ነው። መረብ የሳቡት፣ ጉድጓድ የቆፈሩትና በ1892 የተነሡት ሰዎች መታሰቢያ ግን ያለ ተራኪና ያለ ጠያቂ አይቆይም። ስለዚህ ወደ ሄሬዝ የሚሄድ እንግዳ ስለ በርሜሉ ዕድሜ በጠየቀበት አንደበቱ ስለ ለቃሚው ደመወዝም ይጠይቅ። አስጎብኚውም የነጋዴዎቹን ስም በዘረዘረበት አንደበቱ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ይንገር፤ ያን ወይን ለዓለም ገበታ ያበቁት እነርሱ ናቸውና።