እስኪነጋ የተከፈተ በር፦ የሙሉ ሌሊት የኪነ ጥበብ በዓል አጭር ታሪክ

የከተማ ሌሊት ለረጅም ዘመን የዘበኛና የቁልፍ ጊዜ ሆኖ ኖሯል። ጀምበር ስትጠልቅ ቤተ መዘክሩ ይዘጋል፤ የሥዕል አዳራሹ መብራት ይጠፋል፤ የቴያትር ቤቱም መጋረጃ የሚገለጠው ቲኬት ለቆረጠ ብቻ ነው። ቀኑን በፋብሪካ፣ በገበያና በቢሮ ሲደክም የዋለው ሕዝብ ከሥራ በሚለቀቅበት ሰዓት የኪነ ጥበብ ደጆች ተዘግተው ይጠብቁታል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ከተሞች እየተስፋፋ የመጣው የሙሉ ሌሊት የኪነ ጥበብ በዓል በመሠረቱ ለዚህ ቅራኔ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱ የተሟላ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ግን አስቀድሞ አመጣጡን ማየት ይገባል።

ብዙዎች የበዓሉን ታሪክ ከፓሪስ ይጀምራሉ። ይሁን እንጂ የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ የራሷን «የኪነ ጥበባት ሌሊት» የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዓሉን ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር አጥብቃ ያስተሳሰረችው ደግሞ በምዕራብ ፈረንሳይ የምትገኘው ናንት ናት። ናንት የመርከብ ሠሪ ወዛደሮች ከተማ ነበረች። ትልቁ የመርከብ መሥሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲዘጋ በወንዙ ዳር የቀሩት ባዶ መጋዘኖችና ዝምታ ነበሩ። የባህል አደራጁ ዣን ብሌዝ እ.ኤ.አ. በ1990 «ሌ ዛሉሜ» የተሰኘውን በዓል የመሠረተው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። በዓሉ በየዓመቱ ለስድስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚዘልቅ ሲሆን፣ በየዓመቱም የአንዲት የውጭ ከተማ ከያንያን ይጋበዙበት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ባርሴሎና፣ በኋላም እንደ ካይሮ ያሉ ከተሞች የናንት እንግዶች ሆነዋል። ሥራ ያቆሙ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች መድረክ ሆኑ፤ ሕዝቡም የገዛ ከተማውን በሌላ ብርሃን አየ።

ከፌስቲቫሉ በኋላ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በከተማዋ የነበረው አሮጌ የብስኩት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 መግቢያ በዚያው በዣን ብሌዝ መሪነት ቋሚ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። በዓሉ አለፈ፤ ቤቱ ግን ቀረ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

ፓሪስ ተራዋን የወሰደችው በ1995 ዓ.ም. መስከረም 25 ለ26 አጥቢያ (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2002) ነው። ከንቲባው ቤርትራን ደላኖዬ፣ የባህል ምክትላቸው ክሪስቶፍ ዢራርና የናንቱ ዣን ብሌዝ ያሰናዱት በዓል «ኑዊ ብላንሽ» ተባለ። ቃሉ ሲተረጎም «ነጭ ሌሊት» ይሁን እንጂ፣ ፈረንሳዮች ያለ እንቅልፍ የታደረን ሌሊት የሚጠሩበት ነው። ሠዓሊና ጸሐፊ ሶፊ ካል በኤፌል ማማ ጫፍ አልጋ ዘርግታ፣ ጎብኚዎች አንድ በአንድ እየገቡ እንቅልፍ እንዳይጥላት ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ታሪክ እንዲነግሯት ጋበዘች። በዚያ ሌሊት ተራኪው ተመልካቹ፣ አድማጯ ደግሞ ከያኒዋ ነበሩ።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሾችም ለማንኛውም መንገደኛ ክፍት ነበሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ከንቲባውን በጩቤ ወጋ። ደላኖዬ ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ በዓሉ እንዳይቋረጥ አሳሰቡ፤ በዓሉም ቀጠለ፤ እሳቸውም ድነው፣ በተከታዩ ዓመት ሁለተኛው ኑዊ ብላንሽ ተከበረ። በር መክፈት ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ ዋጋው ግን በሩን ለመዝጋት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ያ ሌሊት መሰከረ።

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ፣ ይህንኑ የፓሪስ ሌሊት ከአንድ ወዳጁ ጋር በእግር ተዘዋውሮ አይቶታል። ወዳጄ የመድረክ ብርሃን ባለሙያ ነውና፣ ሕዝቡ ወደ ሥዕሉ ሲመለከት እሱ ወደ ገመዱ ይመለከታል። ከማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ተነሥተን፣ የሴይንን ወንዝ ተሻግረን፣ ሕፃናትን ትከሻቸው ላይ ካዘሉ አባቶችና ሰልፍ ከያዙ ወጣቶች ጋር ቆመን ዐደርን። ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ ተመልካቹ ሲሳሳ፣ አረንጓዴ የደንብ ልብስ የለበሱ የጽዳት ሠራተኞች መጡ። ወዳጄ አንዱን በዐይኑ ተከተለና፣ «ይህ ሰው ዛሬ የበዓሉ እንግዳ ነው ወይስ ጠራጊ?» አለኝ። አንድ ጊዜ የገባበት ሰው ሁለተኛ ጊዜ ደጁን አይፈራም ብዬ ተከራከርሁ። «ደጁን ማወቅና የቤቱ ባለቤት መሆን ለየቅል ናቸው» ሲል መለሰልኝ።

ክርክሩ ተገቢ ነው። ለወዳጄ የሚሆነውን መልስ የምናገኘው ግን ከበዓሉ ሌሊት ውጭ ነው። ያው የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ከኑዊ ብላንሽ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ፣ በሥሩ የሚተዳደሩትን ቤተ መዘክሮች ቋሚ ስብስብ ያለ ክፍያ እንዲጎበኝ ፈቅዶ ነበር። የአንዱ ሌሊት በዓል ትርጉም ያገኘው ዓመቱን ሙሉ ከሚሠራ እንዲህ ካለ ውሳኔ ጎን በመቆሙ ነው።

እንዲህ ያለ መሠረት ሲጎድል ምን እንደሚከተል ሮማ ታሳየናለች። የመጀመሪያዋ «ኖቴ ቢያንካ» የተከበረችው በ1996 ዓ.ም. መስከረም 16 ለ17 አጥቢያ (እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2003)፣ አዲስ አበባ ደመራዋን ለኩሳ ባደረችበት በዚያው ሌሊት ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ በስዊዘርላንድ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ከዛፍ ጋር ተነካክቶ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን፣ ጭነቱ በሌሎች መስመሮች ላይ ወድቆ፣ ከሳርዲኒያ በቀር ጣሊያን በሞላ ጎደል ጨለመች። ለበዓል የወጣው ሕዝብ በየመንገዱና በየባቡሩ ቀረ። በዓሉ ግን በዚያ ጨለማ አልሞተም፤ እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) በየዓመቱ ተከብሯል። ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2008 የከተማዋ አስተዳደር ሲለወጥ ነው። የኤሌክትሪኩ መቋረጥ ያላጠፋውን የአስተዳደር መለወጥ አጠፋው። ቶሮንቶም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችው በዓል እስከ 2015 ድረስ የአንድ ባንክን ስም በግንባሩ ተሸክሞ ነበር። ሌሊቱ ለሕዝብ በነፃ ቢሰጥም ከፋዩ ማን እንደሆነ መጠየቅ የሐያሲ ግዴታ ነው።

ሌሊቱን በዜማና በሕብረት ማሳለፍ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በከተራ ታቦታቱ በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሲያድሩ ካህናቱ በማሕሌት፣ ወጣቱ በጭፈራ ያነጋል፤ ቲኬት የሚቆርጥ የለም። በደመራም እያንዳንዱ ችቦውን ይዞ ይመጣል። እነዚህ የእምነት በዓላት እንጂ ዐውደ ርእይ አይደሉም፤ ሆኖም ሕዝቡ የሚታደማቸው እንደ ባለቤት መሆኑ ሊያስተምረን ይገባል።

ስለዚህ የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ከያኒው ከአውሮፓ ከተሞች ሊቀስሙ የሚገባው የመብራቱን ብዛት ወይም የበዓሉን ስም አይደለም። በየቀበሌው አዳራሽ አለ፤ በየትምህርት ቤቱ ግቢ አለ፤ አብዛኛው ከሥራ ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። የሙሉ ሌሊት በዓል ሊመዘን የሚገባው በሚያድረው ተመልካች ቁጥር ሳይሆን፣ በማግስቱ ሰኞ ማታ ከሥራ የወጣው ሰው ገፍቶ በሚከፍተው በር ነው።